ጠዋት ጠዋት ድርግም የሚለው ላፕቶፕ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ኅዳር 9

የገባው፦ 14 ኢንች ላፕቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 8250ዩ፣ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 12 ጊጋ (4ቱ የፋብሪካው፣ 8ቱ በኋላ የተጨመረ)፣ 256 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ)፣ ዊንዶውስ 10። ባለቤቷ መምህርት ናቸው፤ ቤታቸው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሸዋ ሮቢት ወላጆቻቸው ዘንድ ይወርዳሉ። ቅሬታው፦ «ሳላስበው ድርግም ይልብኛል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብስበታል።»

ከዚህ በፊት የተደረገለት፦ ሁለት ጊዜ ፎርማት፣ አንድ ጊዜ የፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) ቅያሪ፣ የፋን ጽዳት፣ በመጨረሻም ስታቢላይዘር ተገዝቶለታል። ፎርማቱ የመጨረሻው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ፎርማት ማድረግ ጥፋቱን ካላገኘ ቢያንስ ማስረጃውን ያጠፋል፤ የድሮው የዊንዶውስ መዝገብ አብሮ ሄዷል።

ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ድርግም የሚለው እንዴት ነው? ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ኮድ ጽፎ ራሱን ያስነሣል? ባለበት ደርቆ ማውሱም አልንቀሳቀስ ይላል? ወይስ ገመዱ እንደተነቀለ ቴሌቪዥን ጭልም ይላል? መምህርቷ ሁለቱን አይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጭልም፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሰማያዊ። ለእሳቸው ሁለቱም «መጥፋት» ነው። ለሥራው ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እስኪረጋገጥ ድረስ በሁለት ዓምድ ይመዘገባሉ።

በዓይን የታየ፦ ባትሪው አላበጠም፤ የመዳሰሻው ሰሌዳ (ተችፓዱ) ወደ ላይ አልተገፋም፤ ክዳኑ ወለል ላይ ሲቀመጥ አይወዛወዝም። ቻርጀሩ የራሱ አይደለም። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ 19.5 ቮልት 3.33 አምፔር ይላል፣ ማለት 65 ዋት፤ ቻርጀሩ 2.31 አምፔር፣ ማለት 45 ዋት ነው። ተጠርጣሪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ከመዘጋቱ በፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ (የዲስክ ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም) ተከፍቶ አንድ ቁጥር ተወሰደ፦ አንሴፍ ሹትዳውንስ፣ 187። ይህን ቁጥር የሚቆጥረው ዊንዶውስ ሳይሆን ኤስኤስዲው ራሱ ነው፤ በወጉ ሳይሰናበት ኃይል በተቋረጠበት ቁጥር አንድ ይጨምራል። ፎርማት አያጠፋውም። ከማንም የማይወግን ምስክር ስለሆነ በየቀኑ ይታያል።

ኅዳር 10

ቀኑ በኢቬንት ቪወር (የዊንዶውስ መዝገብ ማንበቢያ) አለቀ። ከርነል ፓወር 41 የሚለው መዝገብ በአምስት ሳምንት ውስጥ 26 ጊዜ አለ። ይህ መዝገብ «ባለፈው በወጉ አልተዘጋሁም» ከማለት ሌላ ብዙ አይናገርም፤ ብዙ ሰው ግን ቁጥሩን አይቶ ፓወሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ዋናው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ባግቼክ ኮድ የሚለውን መስመር ማንበብ ነው። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ለመሞት እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ ወይ ኃይል ተቋርጧል፣ ወይ ደርቆ በቁልፍ ተገድሏል። ሌላ ቁጥር ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን ነበር። ቁጥሩ የሚጻፈው በአሥር ቤት ነው፤ የሰማያዊ ስክሪን ኮዶች ዝርዝር የሚጻፈው ደግሞ በ16 ቤት ስለሆነ ሳይቀይሩ ቢፈልጉት አይገኝም።

ከ26ቱ 21ዱ ዜሮ ናቸው። የአምስቱ ኮድ፣ በቅንፍ ዊንዶውስ ከሚሰጠው ስም ጋር፦ ኮድ 26 ሁለት ጊዜ (ሜሞሪ ማኔጅመንት)፣ ኮድ 80 ሁለት ጊዜ (ፔጅ ፎልት)፣ ኮድ 10 አንድ ጊዜ (አይአርኪውኤል)። ኮዱ በየጊዜው እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራም ነው። አንድ የተበላሸ ድራይቨር ብዙውን ጊዜ አንድ ኮድ ላይ ሙጥኝ ይላል፤ የተበላሸ ራም ግን ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

ሰዓቱ ከ41 አይወሰድም፤ እሱ የሚጻፈው ላፕቶፑ እንደገና ከተነሣ በኋላ ነው። የሞተበት ሰዓት ያለው 6008 በሚባለው ሌላ መዝገብ ውስጥ ነው። ሰዓቱም ቀድሞ መጣራት አለበት፦ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ ሲለካ 3.02 ቮልት ነው፤ ጤነኛ። ስለዚህ ሰዓቱ ይታመናል። ዊንዶውስ 7፡10 ሲል በእኛ ጠዋት 1፡10 መሆኑን በማስታወሻው ላይ ወዲያው መለወጥ ይሻላል፤ ባለቤቷ የሚናገሩት በእኛ ሰዓት ነውና ሁለቱ ከተደባለቁ መከራ ነው።

ተለውጦ ሲደረደር፦ ከ21ዱ ዜሮዎች 17ቱ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ናቸው። ሦስቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ። አንዱ ቀትር ላይ፤ መምህርቷ ሲጠየቁ ያን ዕለት ራሳቸው ቁልፉን ተጭነው እንዳጠፉት አስታወሱ። ቅዳሜና እሑድ፣ ሸዋ ሮቢት ባለበት፣ አንድም ዜሮ የለም። ከአምስቱ ሰማያዊዎች ግን አንዱ የወደቀው እዚያው ሸዋ ሮቢት ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ቆላ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ፣ በኅዳር ውርጭ የሚያነጋበት ደጋ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ የሚገድለው ላፕቶፑ መሞት የነበረበት ቆላ ወርዶ ነበር። እንግዲህ ፔስት መቀየሩ በስተጀርባው ምንም ምክንያት አልነበረውም።

ኅዳር 11

ላፕቶፑ ሌሊቱን ክፍት መደርደሪያ ላይ አደረ፤ ጠዋት 12፡40 ላይ ቤቱ ውስጥ 7 ዲግሪ። ባትሪ 66 በመቶ፣ ቻርጀር የለም። ተነሣ፣ ይለፍ ቃል ገባ፣ ብራውዘሩ የትናንቱን 12 ገጾች እንዲከፍት ታዘዘ፤ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ጭልም። ድምፅ የለም፣ ሰማያዊ የለም። እንደገና ተነሣ፤ ሁለተኛው ሙከራ ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ባለው ቤንችማርክ (ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይል የሚያሠራ መፈተኛ)፦ ከተጀመረ በሦስተኛው ሰከንድ ጠፋ። አንሴፍ ሹትዳውንስ 189። ምስክሩ ተስማማ።

በሁለቱም ጊዜ ኤችደብሊው ኢንፎ (ሙቀት፣ ቮልትና ዋት የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፍት ነበር። ከመጥፋቱ በፊት የታየው የፕሮሰሰር ሙቀት 46 ዲግሪ። ይህ ፕሮሰሰር እስከ 100 ዲግሪ ይታገሣል፤ ወደዚያ ሲቃረብም መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ዝም ብሎ አይሞትም። የደብረ ብርሃን አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያሽከረክረው አየር ያነሰ ነው፤ ያው ላፕቶፕ ያው ሥራ ላይ እዚህ በጥቂት ዲግሪ ቢሞቅ አይገርምም። 46 ግን 46 ነው።

የኤችደብሊው ኢንፎ መዝገብ በፋይል ሲቀመጥ አንድ ወጥመድ አለው። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ገና ዲስኩ ላይ ስላልወረዱ ይጠፋሉ፤ የሚፈለጉት ደግሞ እነዚያው ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስልክ በብርጭቆ ተደግፎ ስክሪኑን ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ከዚያ በየፍሬሙ እየተገፋ ይነበባል።

ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ከወጣች በኋላ፣ ያው ቤንችማርክ 20 ደቂቃ ሮጠ። አልጠፋም።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ ሥራ የለም። ቆሻሻው በየሰፈሩ እየተቃጠለ ከተማው ሲታጠን ስለሚውል ላፕቶፕ የሚከፈትበት ቀንም አይደለም፤ ያ ጢስና አመድ የፋን ጠላት ነው። ራም የሚፈትነው ፕሮግራም፣ ሜምቴስት 86 ፕላስ፣ ግን በዓል አያውቅም፤ ከፍላሽ ተነሥቶ በቻርጀር እንዲያድር ተተወ። ለዚህ ባዮስ (ላፕቶፑን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ፕሮግራም እንዳይነሣ የሚከለክለው ጥበቃ) ማጥፋት አስፈልጓል፤ ሲያልቅ መመለስ እንዳይረሳ ተለጣፊ ወረቀት ክዳኑ ላይ።

ኅዳር 13

ሜምቴስት ቀይ። በመጀመሪያው ዙር 14 ስሕተት፣ በየዙሩም ያንኑ ያህል እየጨመረ ሄዷል።

ሁለት ራም፣ ሁለት ማስገቢያ አለ። ስሕተት ሲታይ ሰው የሚቸኩለው ትልቁን ራም ነቅሎ ለመጣል ነው፤ ማስገቢያው ራሱ ሊሆን እንደሚችል ይረሳል። ስለዚህ አራት ሙከራ፦ የ4 ጊጋው ብቻውን በአንደኛው ማስገቢያ፣ ከዚያ በሁለተኛው፤ የ8 ጊጋውም እንዲሁ። በየአንዳንዱ ቅያሪ መካከል ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀር ይነቀላል፣ የባትሪው ሶኬት ከማዘርቦርዱ ላይ በጥፍር ይነሣል፣ የማስነሻው ቁልፍ አሥር ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ይፈሳል። የባትሪውን ሶኬት ሳይነቅሉ ራም መንቀል በቢላ ሶኬት እንደ መነካካት ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ቢታለፍም አሥረኛው አያልፍም።

4ቱ በሁለቱም ማስገቢያ ንጹሕ። 8ቱ በሁለቱም ቆሻሻ፤ ያውም ያው አድራሻ ላይ፣ ያው አንድ ቢት። ማስገቢያው ነጻ ወጣ። የራሙ 260 ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ ተብለው ታሹ፣ የላጲሱ ፍርፋሪ ተራገፈ፣ በአልኮል ተጠረገ፣ እንደገና ተሞከረ፤ ለውጥ የለም። ጥርሱ ቆሽሾ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ቦታውን እየቀያየረ ይመጣ ነበር። አንድ ቦታ የረገጠ ስሕተት ቺፑ ውስጥ ያለ ነው፤ ላጲስ አይደርስበትም።

ሙከራው በ7 ዲግሪም በ21 ዲግሪም ያው ውጤት ሰጥቷል። ሰማያዊው በሽታ ለብርድ ደንታ የለውም፤ የሸዋ ሮቢቱ ነገር በዚህ ተፈታ። በአምስት ሳምንት አምስት ጊዜ ብቻ የወደቀው የተበላሸው ቦታ ላይኛው የራሙ ክፍል ስለሆነ ነው፤ ብዙ ነገር ካልተከፈተ ዊንዶውስ እዚያ አይደርስም።

የራሞቹ ፍጥነት መለያየት (2400 እና 2666) ጥፋት አይደለም፤ ሁለቱም በዝቅተኛው ይሄዳሉ። ይህን የምንጽፈው በየቦታው «ራም ስላልተጋባ ነው» የሚባለውን ስለምንሰማ ነው።

8ቱ ወጣ። ከአሁን ጀምሮ ሙከራው ሁሉ በ4 ጊጋ ብቻ።

ኅዳር 14

ራሙ ወጥቶም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጭልም አለ። አንሴፍ ሹትዳውንስ 190። የጠበቅነው ነው፤ ግን መታየት ነበረበት። አንዱ ጥፋት ሲገኝ ሥራው አለቀ ብሎ ማስረከብ ይፈትናል፤ ይህ ላፕቶፕ ትናንት ቢወጣ በሳምንቱ ይመለስ ነበር።

ዊንዶውስን ከጥርጣሬ ለማውጣት ሊኑክስ ሚንት (ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከፍላሽ ተነሣ፤ ኤስኤስዲው ላይ ምንም ሳይጫን። በባትሪ፣ በብርድ፣ የፕሮሰሰሩ ስምንቱም የሥራ መስመር (ክር) በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ታዝዞ፦ በአራተኛው ሰከንድ ጠፋ። 191። ዊንዶውስ ንጹሕ፣ ድራይቨር ንጹሕ፣ ሁለቱ ፎርማቶች ከንቱ።

ስታቢላይዘሩስ? ግድግዳው ላይ በቴስተር ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ ተለካ፦ ከ191 እስከ 226 ቮልት። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ከ100 እስከ 240 ነው። ለፍሪጅ ሊጠቅም ይችላል፤ ለላፕቶፕ ቻርጀር ግን 191 ቮልት ምኑም አይደለም።

ኅዳር 16

ባትሪው ላይ ደረስን። በጥቁሩ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) የባትሪ ሪፖርት ታዘዘ፦ ሲፈጠር 48,040 ሚሊዋት ሰዓት፣ አሁን ሲሞላ 30,110፣ የሙሌት ዙር 611። ማለትም 63 በመቶ ቀርቶታል። ይህን ያየ ሰው «አርጅቷል፣ ግን ይሠራል» ይላል፤ እውነትም መምህርቷ ሁለት ሰዓት ያህል ይጠቀሙበታል። ሪፖርቱ የማይናገረው ነገር አለ፦ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ይነግራል እንጂ ምን ያህል በፍጥነት ሊሰጥ እንደሚችል አይነግርም። በርሜሉ ውስጥ ውኃ አለ፤ ቧንቧው ግን በደለል ጠቧል።

የቧንቧው ጥበት በኦም ይለካል፤ ውስጣዊ መቋቋም ይሉታል። መክፈትም ሆነ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ኤችደብሊው ኢንፎ የባትሪውን ቮልትና የሚያወጣውን ዋት ያሳያል፤ ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አምፔር ይሆናል። ላፕቶፑ ሥራ ፈትቶ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ቤንችማርክ ሲነሣ አንድ ጊዜ ይወሰዳል። የቮልቱ ልዩነት ለአምፔሩ ልዩነት ሲካፈል ኦሙ ይወጣል።

በ7 ዲግሪ፣ ባትሪ 64 በመቶ፦ ሥራ ፈት 11.1 ቮልት በ0.6 አምፔር። ቤንችማርክ ሲነሣ፣ ቪዲዮው የያዘው የመጨረሻ ንባብ 9.7 ቮልት በ3.9 አምፔር፤ ቀጣዩ ፍሬም ጥቁር ነው (192)። 1.4 ቮልት ለ3.3 አምፔር፦ 0.42 ኦም።

በ21 ዲግሪ፣ በዚያው 64 በመቶ፦ ከ11.2 ቮልት ወደ 10.4፣ ከ0.6 አምፔር ወደ 3.6። 0.27 ኦም፤ አልጠፋም።

ያው ባትሪ፣ ያው ሙሌት፣ ልዩነቱ 14 ዲግሪ ብቻ። በብርድ የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ይዝላል፤ አዲስም ቢሆን። የአዲሱ መቋቋም ግን የሚጨምረው ከትንሽ ተነሥቶ ስለሆነ አይሰማም፤ ያረጀው ከብዙ ተነሥቶ ይጨምራል።

9.7 ቮልት ለምን ይገድላል? ባትሪው በተርታ የተያያዙ ሦስት ሴሎች ነው፤ 9.7 ለሦስት ሲካፈል 3.2 ገደማ፤ ሴል ደግሞ ወደ 3 ቮልት እስኪወርድ ይችላል። በአማካይ ደህና ይመስላል። ግን ሦስቱ እኩል አያረጁም። አንደኛው ደካማ ከሆነ ሁለቱ 3.4 ላይ ሳሉ እሱ ብቻውን 2.8 ይደርሳል፤ የባትሪው ጠባቂ ሰሌዳ የሚያየው ደካማውን ነው፤ ያኔ ሳያስጠነቅቅ ይቆርጣል። በመቶኛው 64 ሆኖ ሳለ መጥፋቱም ለዚህ ነው፤ ዊንዶውስ የሚቆጥረው የቀረውን ውኃ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በሶፍትዌር የሚታየው የባትሪ ንባብ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ነው የሚታደሰው። እውነተኛው ዝቅታ ከ9.7 በታች ሳይወርድ አልቀረም፤ ቪዲዮው የያዘው ከመውደቁ በፊት ያለውን ደረጃ ነው።

ኅዳር 17

ግምቱ ትክክል ከሆነ ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው። በየተራ፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ሳይነካ።

የመጀመሪያው፦ በብርድ፣ በባትሪ፣ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ እንዳይዘል ማድረግ። በፓወር ኦፕሽን ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት ከ100 ወደ 99 ይደረጋል። አንድ በመቶ የቀነሰ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተርቦውን ጨርሶ መዝጋት ነው፤ እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ የሚዘለው ፕሮሰሰር ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ አይወጣም። ጠዋት 12፡50፣ 7 ዲግሪ፣ ቤንችማርክ 30 ደቂቃ፤ አልጠፋም። ወደ 100 ተመለሰ፤ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ጠፋ። 193። አዲስ ባትሪ መግዛት ለማይችል ሰው ይህ የ99 ዘዴ ብቻውን ጥሩ ማስታገሻ ነው፤ ፈጣን አይሆንም፣ ግን ያልተቀመጠ የፈተና ጥያቄ አይበላም።

ሁለተኛው፦ በብርድ፣ ቻርጀር ተሰክቶ። አልጠፋም፤ 45 ዋቱም በቃው። ቤንችማርኩ እየሮጠ ገመዱ ሲነቀል፦ ወዲያው ጭልም። 194። መምህርቷ «ቻርጀር ላይ ሆኖም ይጠፋል» ያሉት ይህ ነው። መብራት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብልጭ ሲል አምፖሉን ያየ ሰው ልብ ላይለው ይችላል፤ ሸክሙ ግን በዚያች ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው፦ ጠዋት፣ ቤቱ ብርድ ሆኖ፣ ባትሪው ብቻ እንዲሞቅ። ላፕቶፑ ጠፍቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ከሙቅ ውኃ ኮዳ አጠገብ 40 ደቂቃ ቆየ፤ ኮዳው አልነካውም። የመዳፍ ማሳረፊያው 20 ዲግሪ ሲደርስ ቤንችማርክ ተነሣ። አልጠፋም። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ስለ ማሞቅ አንድ ነገር፦ ከውርጭ የገባን ላፕቶፕ ወዲያው ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። ቀዝቃዛ ብረት ላይ የቤቱ እንፋሎት ጤዛ ሆኖ ያርፋል፤ ማዘርቦርዱ ላይም ያው ነው። ጠፍቶ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች በርዶ ሳለ ቻርጅ ማድረግም ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፤ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ላፕቶፕ ከመሰካቱ በፊት ትንሽ ይረፍ።

ኅዳር 18

የሚታዘዘው፦ ባትሪ 48 ዋት ሰዓት፣ ራም 8 ጊጋ ዲዲአር 4። የባትሪው ቁጥር ከላፕቶፑ ሞዴል ሳይሆን ከባትሪው ጀርባ ተገልብጦ ይጻፋል፤ አንድ ሞዴል ሁለት ዓይነት ባትሪ፣ ሁለት ዓይነት ሶኬት ሊኖረው ይችላል። 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ተልኮ የማይገጥም ዕቃ መቀበል ማንንም አያስደስትም።

አዲስ የባዮስ ማሻሻያ እንዳለ ታይቷል። አልተነካም። ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ ላይ ባዮስ መጫን ማለት መሃል ላይ ቢጠፋ ማዘርቦርዱን ማጣት ማለት ነው። ኃይሉ ሲስተካከል ይደረጋል።

ኅዳር 20

ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰ። ባትሪው ከመግጠሙ በፊት በኩሽና ሚዛን ተመዘነ፦ አሮጌው 212 ግራም፣ አዲሱ 207። አስመስለው የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ በሚዛን ይጋለጣሉ፤ ያን ያህል ኃይል የሚይዝ ሴል ክብደት አለውና። 150 ግራም የሚመዝን ባትሪ ላይ ምንም ይጻፍበት፣ 48 ዋት ሰዓት አይደለም።

ኅዳር 22

ትናንት ጽዮን ነበር፤ ዛሬ ተገጠመ። የታች ክዳኑ 11 ብሎን፤ የኋላዎቹ ሁለቱ ረዘም ስለሚሉ በየቦታቸው ወረቀት ላይ ተሰክተው ተቀመጡ። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ማስገባት ከላይ የኪቦርዱን ሰሌዳ ይወጋል። ባትሪው ራሱ በአራት ብሎን ነው፤ ሙጫ የለውም፤ በጠፍጣፋ ብረት መፈልቀቅ አላስፈለገም። ራሙ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ተጋድሞ እስከ መጨረሻው ገባ፤ ከዚያ ወደ ታች ተጫነ፤ ሁለቱም ክንፎች «ጠቅ» እስኪሉ። አንዱ ብቻ ጠቅ ካለ አልገባም።

በሪፖርቱ፦ ሲፈጠር 48,040፣ ሲሞላ 47,600፣ ዙር 1። ሁለቱ ቁጥሮች ቁርጥ እኩል ሆነው ዙሩም ለዘለዓለም ዜሮ ቢሆን ነበር የሚያሳስበው። አንድ ጊዜ እስከ 100 ተሞልቶ፣ እስከ 8 በመቶ ወርዶ፣ እንደገና ተሞላ፤ መቶኛው እንዲታመን።

ሜምቴስት በ12 ጊጋ ሌሊቱን አራት ዙር፤ ስሕተት የለም። ሴኪዩር ቡት ተመለሰ፤ ወረቀቱ ከክዳኑ ላይ ተነሣ።

ኅዳር 23

ጠዋት 12፡40፣ 7 ዲግሪ፣ ባትሪ 64 በመቶ ላይ ሆን ተብሎ የቆመ። ሥራ ፈት 11.5 ቮልት በ0.6 አምፔር፤ ቤንችማርክ ሲነሣ 10.9 በ3.5። 0.21 ኦም። ያረጀው በፀሐይ የሰጠውን አዲሱ በውርጭ በልጦታል። 30 ደቂቃ ሮጠ። እየሮጠ ገመድ ተሰካ፣ ተነቀለ፣ 20 ጊዜ። አንሴፍ ሹትዳውንስ 194።

ከሰዓት በኋላ ባዮሱ ተሻሻለ፤ ባትሪ 90 በመቶ፣ ቻርጀር ተሰክቶ።

ኅዳር 24 እና 25

ሁለቱም ጠዋት ያው ሙከራ። በ25 ሣሩ ነጭ ሆኖ ነጋ፤ ቤቱ 4 ዲግሪ። 12ቱ ገጾች ተከፈቱ፣ ቤንችማርክ ተደረበ፣ ገመድ ተነቀለ። 194።

ኅዳር 26

ወጣ። የተበላሸው ራም በትንሽ ከረጢት ተደርጎ «በሁለቱም ማስገቢያ ስሕተት» ተብሎ ተጽፎበት ለባለቤቷ ተሰጠ፤ ተመልሶ ለሌላ እንዳይሸጥ አንዱ ማዕዘን ተሰብሯል። አሮጌው ባትሪ ሶኬቱ በቴፕ ተጠቅልሎ ከተቀጣጣይ ነገር ርቆ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስታቢላይዘሩ ለፍሪጅ ቢያገለግል ይሻላል። የ45 ዋቱ ቻርጀር አብሮ ሄዷል፤ 65 ቢያገኙ በፍጥነት ይሞላል፣ ካላገኙም ጥፋት የለበትም።